የሙሽራዋ አክስት አፍንጫ

«በዚህ በአዞ ቆዳ የሙሽራችንን ፀጉር ልትነኪ? ወላሂ አትነኪያትም!»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ የሙሽራዋ አክስት፣ አዴ ፋጡማ ናቸው። ጊዜው ካለፈው ረመዳን በፊት ነው፤ ቦታው እዚሁ ጭሮ፣ የምሠራበት ፀጉር ቤት። እስካሁን አፍንጫውን የሚያክ ሰው ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ሦስት ዓመት የሰው ራስ ሳጥብ ኖሬ፣ ሙሽራ ሥሪ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። እጄ ግን ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እከክ እከክ ይለኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ «ችፌ ነው። ሻምፖውና ቀለሙ ነው የበላሽ፤ ወደ ሰው አይተላለፍም» ተብያለሁ። ቅባት ሰጡኝ፣ ቀለበቴን አስወለቁኝ፣ ስታጥቢም ቀለም ስትቀቢም ጓንት አድርጊ አሉኝ። ቅባቱን ተቀባሁ። ጓንቱን ተውኩት። በጓንት ራስ ሳጥብ ሬሳ የማጥብ ይመስለኛላ!

«አይተላለፍም እኮ» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?»

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሙሽራዋን ለሌላዋ ሠራተኛ ልትሰጥብኝ ስትል፣ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል አብራኝ የተማረችው ሙሽራዋ ሀናን «እሷ ካልሠራችኝ ተንጨባርሬ አገባለሁ» አለች። አክስቷ ተሸነፉ።

«እሺ። ግን ያለ ጓንት ጣትሽ እንዳያርፍብን። እኔንም ጭምር! ወላሂ በይ።»

ክርስቲያን ብሆንም ወላሂ አልኩ።

ጓንት ፈለግን፤ ካርቶኑ ባዶ። ፋርማሲ ልሄድ ስዘጋጅ አዴ ፋጡማ ሁለት እጃቸውን ሂና ተቀብተው፣ እስከ አንጓቸው በፌስታል ታስረው ተቀምጠዋል። ሀናን ሠራተኛዋ ራሷን አጥባት የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ናት፣ አትሰማም። ሠራተኛዋ እስከ ክርኗ አረፋ ነች። ባለቤቷ ደጅ ስልክ ታወራለች።

የአዴ ፋጡማ አፍንጫ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በትከሻቸው ሊያኩት ሞከሩ። በጉልበታቸው ሞከሩ፤ ጎንበስ ማለቱ አቃታቸው። የወንበሩን መደገፊያ ሊያሹበት ሲዞሩ ሊወድቁ ነበር።

«ኮቱ፣ ነይ ወዲህ! አፍንጫዬን እከኪልኝ!»

«ያለ ጓንት?»

«ያ ረቢ! እከኪ ስልሽ!»

«አዴ፣ ወላሂ ብያለሁ እኮ።»

«ልጄ፣ እናቴ፣ በአዞውም ይሁን፣ ብቻ እከኪኝ!»

«መጣሁ፣ ጓንት ልግዛ» ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።