ውጭ የምናድር ሰዎች

ባለቤቴ አዲስ አበባ እንድንኖር ይፈልግ ነበር። አክስቱ በሹፌሮች በኩል ልከውበታል፤ ሰፈራቸው ያለ ጋራዥ መካኒክ ይፈልጋል፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ክፍልም ባዶ ናት። እሱ አሰብ የመጣው ለሥራ ነው፤ ወደቡ ላይ ክሬን ይጠግናል። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ እዚያው ያደግሁ የወዛደር ልጅ ነኝ፤ ደጋ የሚባለውን አገር በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ተስማማን። በዓመት ፈቃዱ ሄደን ከተማውን አያለሁ፤ ከዚያ እሺ ወይም እምቢ እላለሁ፤ እምቢ ካልኩ ሁለተኛ አያነሳውም። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ያስፈራኝም ይኸው ነበር፤ ከሚነዘንዘኝ ባል ይልቅ ዝም ብሎ የሚቆጨው ባል ይከብደኛል።

ኤርትራ ራሷን ከቻለች ገና ጥቂት ጊዜ ቢሆንም መንገዱ ክፍት ነበር፤ የጭነት መኪናው ቀንና ሌሊት ይመላለሳል። ለሆቴል ቀርቶ ለአውቶቡስም አቅም ስላልነበረን አንድ የምናውቀው የተሳቢ ሹፌር ጋቢናው ውስጥ አሳፈረን። ወሩ ሐምሌ ነው። አሰብ ላይ በሐምሌ ቧንቧው ራሱ የሚያቃጥል ውሃ ነው የሚያወርደው። አዋሽን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ግን ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ሹፌሩ ጋቢውን ደረበልኝና ገና ምኑ ታይቶ ብሎ ሳቀብኝ።

አክስቱ፣ እኔም እንደሱ እትዬ የምላቸው፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ባል የሞተባቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የማያጓድሉ ደግ ሴት ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ክፉኛ ይፈራሉ፤ ብርድ። ሰርቪሷ ውስጥ አስተኙን። ሲመሽ ራሳቸው ይመጡና መስኮቱን ዘግተው ስንጥቁ ላይ ጨርቅ ይወትፋሉ። ከተማው በንፋስ የሚሞት ሰው የሞላበት ይመስላቸዋል።

ቀን ቀን በእግራችን እንዞራለን። ስድስት ኪሎ ሄደን አንበሶቹን አየን፤ እነሱም በርዷቸው ተኮራምተዋል። መርካቶ ገብተን ዋጋ እየጠየቅን ምንም ሳንገዛ ወጣን፤ አንዱ ነጋዴ ለማየትማ ሙዚየም አለላችሁ ብሎ ወረፈን። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት አንድ ማኪያቶና አንድ ኬክ አዘዝን፤ አስተናጋጁ ሳንጠይቀው ሁለት ሹካ አመጣልን። ዝናብ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ይሮጣል፤ እኔ መሃል መንገድ ቆሜ እበሰብሳለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ያፍርብኛል፣ ቆይቶ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ከተማው ከፈለግሁት በላይ ደስ አለኝ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ችግሩ እንቅልፍ ነው። አሰብ ሙቀቱ ሲጠና ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። ሲመሽ ግቢው ላይ ውሃ ረጨት እናደርግና የገመድ አልጋዎቻችንን እናወጣለን፤ አንሶላ በውሃ ነክረን እንለብሳለን። ጎረቤቱም በየግቢው እንዲሁ ነው። እኛ «ውጭ ማደር» የምንለው ይህንን ነው። ሌላ ትርጉም እንዳለው ባውቅም በልቤ ውል አላለብኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ስንጠጣ፣ ባለቤቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር፣ እትዬ ዓይኔ ለምን እንደቀላ ጠየቁኝ።

«ቤት ውስጥ ማደር አልለመድኩም እትዬ» አልኳቸው። «እኛ ውጭ ነው የምናድረው።»

«እሱም?»

«እሱማ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ጎረቤቶቼ ናቸው ያስለመዱት። አሁን እኔ ብቀር እንኳ እሱ አይቀርም።»

እትዬ አማተቡ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሰዓት ረፍዶባቸው ነው ብዬ ብርጭቆዎቹን አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ ከዙረት ስንመለስ የእትዬ የንስሐ አባት ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቁናል። እትዬ ጥግ ይዘው ዓይናቸውን ያብሳሉ። ሰው የሞተ መሰለኝ። መስቀል ተሳልመን ስንቀመጥ አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ውጭ ታድራለህ ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባ» አለ ባለቤቴ፣ ግር ብሎት።

«ሚስትህስ?»

«እሷም ታድራለች።»

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ከማን ጋር?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከእኔ ጋር ነዋ አባ። አልጋችን ጎን ለጎን ነው።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለእኔ ነው። ፊቴ በሀፍረት ጋለ፤ ከዚያ ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩን ስናስረዳቸው አባ እስኪያስላቸው ሳቁ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ይቅር ይበለኝ ይቅር ይበለኝ እያሉ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሳቁ በረድ ሲል አባ ሜዳ ላይ መተኛት ምን ደስ ይላል ብለው ጠየቁት።

ባለቤቴ ወሬ አያበዛም። ያን ቀን ግን ብዙ አወራ። ከባሕሩ በኩል ንፋሱ ሲመጣ እርጥቡ አንሶላ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ጎረቤቶች ከየአልጋቸው በአጥር ላይ እየተጨዋወቱ አንድ በአንድ ድምፃቸው እንደሚጠፋ፣ ወረፋ የሚጠብቁት መርከቦች መብራት ሩቅ እንደሚታይ። ይህንን ሁሉ ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። አሰብን የሚወድ አይመስለኝም ነበር። የምሰማው የሚሰናበት ሰው ድምፅ ነው።

በማግስቱ ወደ ፒያሳ ስንወርድ ጠየቀኝ። «እሺ ነው እምቢ?»

«ትናንት ለአባ መልሰህልኛል» አልኩት።

ሰው ፊት የማያደርገውን አድርጎ እጄን ያዘ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም አልደበቅሁም። ጋራዡ ሌላ ሰው ቀጠረ፤ እኛም በመጣንበት መንገድ ወደ ሙቀታችን ወረድን። ባለቤቴ ቃሉን ጠብቆ ነገሩን ሁለተኛ አላነሳውም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሁለቱ አገሮች ጦርነት መጣ። መኪኖቹ ቀሩ፣ ወደቡ ጭር አለ፣ እንደኛ ኢትዮጵያዊ የተባለው ሁሉ ጓዙን ጠቀለለ። የገመድ አልጋዎቻችንን ግቢው ውስጥ እንደተዘረጉ ትተናቸው ወጣን። በመጀመሪያው ጉዞ እሺና እምቢ የማለት ሥልጣኑ የእኔ ነበር፤ በዚህኛው ግን ማንም የጠየቀኝ የለም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አዲስ አበባ ስንደርስ እትዬ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። አርጅተዋል። ስለ አሰብ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ወደዚያችው ክፍል አስገቡን። አልጋውን ግድግዳው ጥግ ከነበረበት አንስተው መስኮቱ ሥር አስጠግተውታል። የሚወትፉት ጨርቅ የለም፤ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ክፍሏ እንደ ውጭው ትቀዘቅዛለች። እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩን ተደግፈዋል።

«ግቢው ሌባ አለበት ልጆቼ» አሉን። «ከዚህ በላይ ውጭ ላሳድራችሁ አልችልም።»