አጎቴ ውሃ ይጠጡበት የነበረው ደጃፍ

የአጎቴን ተዝካር ካወጣን ሳምንት ሆነን። ሰው ስለ እሳቸው ሲያነሳ ርስታቸውን፣ ሹመታቸውን፣ ሞጣ ውስጥ የሠሩትን የቆርቆሮ ቤት ያወራል። እኔ ግን ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብረን የምንሄድበት መንገድ ነው።

በነጋዴዎቹ ሰፈር ስናልፍ ከየበሩ «ይግቡ እንጂ፣ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ» ይሏቸዋል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቸኩያለሁ» ብለው ያልፋሉ። ከገበያው ጀርባ ካሉት የሣር ጎጆዎች ስንደርስ ግን ችኮላቸው ይጠፋል። ጥጥ ፈትላ የምትኖር አንዲት ባልቴት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይሉና «እህቴ፣ ውሃ አጠጪኝ» ይላሉ። እሷም ቅሏን አለቅልቃ፣ ፊቷ በርቶ ትሰጣቸዋለች።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቤታችን እኮ እዚሁ ነው» ብላቸው፣ «እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሊሰጣት ነው፤ የሚቀበላትስ አያስፈልጋትም?» አሉኝ።

በተዝካሩ ዕለት ባልቴቷ እንስራ ሙሉ ጠላ አዝላ መጣች። ዳሱ በር ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ያዘንኩላት መስሎኝ፣ «እኛ ቤት ሞልቷል፤ ይሄን ለራስሽ አድርጊው። ይልቅ ግቢና ብዪ» አልኳት። እንስራዋን እንዳዘለች ተመለሰች። እሳቸው ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠጡት ያንን ጠላ እንደነበር የገባኝ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ትናንት ደጃፏ ሄድኩ። ድንጋዩ ባዶውን ነው። ልቀመጥበት አፈርኩና ቆሜ «ውሃ አጠጪኝ» አልኳት።

ከእንዝርቷ ቀና ሳትል፣ «እናንተ ቤት ሞልቷል እኮ» አለችኝ።