የሦስት ሴቶች የክኒን ዕቁብ

ስልኩ የተደወለልኝ መቱ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሳለሁ ነው። የደወለችው ቡሬ ከእናቴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት ነበረች። «እትዬ፣ እማማ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ወስደናቸዋል፤ ቶሎ ይምጡ» አለችኝ። በአገራችን ለሞተ ሰው መርዶ የሚነገረው «ታሟል፣ ድረሱ» እየተባለ እንደሆነ ስለማውቅ የእናቴን ድምፅ እንድታሰማኝ ለመንኋት። ተከራይዋ «አሁን አይናገሩም» አለች።

በጎሬ በኩል የሚያልፍ ሚኒባስ አግኝቼ ተሳፈርኩ። ረዳቱ መንገደኛ ለመጫን በየመንደሩ ባስቆመ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ሌላ በሽታ የለባትም። የጤና መድኅን መታወቂያ ስላላት ለምርመራ አትከፍልም። ችግሩ ያለው ከምርመራው በኋላ ነው። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «የለም፣ ከውጭ ይግዙ» ከተባለች መታወቂያው ዋጋ የለውም፤ «የለም» የሚባልበት ወር ደግሞ እየበዛ ሄዷል። ስለዚህ ክኒኗን ከግል ፋርማሲ የምትገዛበትን ገንዘብ በየወሩ እልክላት ነበር። ያንን ወጪ ከቤት ኪራዬ ቀጥሎ እንጂ ከሌላ ነገር በኋላ አስቤው አላውቅም። እንግዲህ ክኒኗ ካልተቋረጠ ምን ሊጥላት ይችላል? 

ስደርስ እናቴ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ዓይኗን ገልጣ አገኘኋት። ነጠላዋ በላብ ርሶ አንገቷ ላይ ተጣብቋል። አልጋውን የከበቡት የሰንበቴ ሴቶች በአንድ ነገር ተስማምተዋል።

«ሁዳዴ ነው። ስምንት ሰዓት ድረስ ባዶ ሆዷን ቆማ!»

«ጸበል ጠጥታ ትነሣለች። አይዞሽ፣ ምንም የለም።»

ጤና መኮንኑ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ወደ በሩ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የስኳር ሕመም አለባቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የለባትም። ግፊት ብቻ ነው።»

«ሲመጡ ስኳራቸው በጣም ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰጥተን አነሣነው፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ወረደ። በጾም ብቻ እንዲህ አይሆንም፤ ቁልቁል የሚጎትተው ነገር አለ። የስኳር ክኒን ውጠው ከሆነ ጉልበቱ እስከ ነገ፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። እኔ ጋ ያለው ግሉኮስ ደግሞ እስከ ነገ አያደርሰንም። መቱ ሆስፒታል መግባት አለባቸው።»

«እንውሰዳታ!»

«እሳቸው እምቢ አሉ። ቤቴ ውሰዱኝ ነው የሚሉት። ቤታቸው ተኝተው ቢወርድ ማንም አያውቅባቸውም፤ እንቅልፍ ነው የሚመስለው።»

ወደ አልጋው ተመለስኩ። እናቴ የሰማች አትመስልም፤ ግን ሰምታለች።

«ስኳር ነው የምትሉኝ?» አለች በደከመ ድምፅ። «ስኳር የሚይዘው ስኳር የሚገዛ ሰው ነው። እኔ ከገዛሁ ስንት ጊዜዬ!» ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ዋጥሽ?»

«የዘወትሩን።»

«ማሸጊያው የታለ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ክኒኑን ከየት ገዛሽው?»

«ምያለሁ። አትጠይቂኝ። ሆስፒታልም አልሄድም። ሆስፒታል ሰው አይድንም፣ ላም ይሸጣል።»

እናቴ በታቦት ከማለች ቃሏን እንደማታጥፍ አውቃለሁ። ልለምናት ብቀመጥ ጊዜ መፍጀት ነው፤ በዚያ ላይ ቃላቷ መጎተት፣ የላይኛው ከንፈሯም ላብ ማውጣት ጀምሯል። ጤና መኮንኑን ጠርቼ ወጣሁ። ከማን ጋር እንደተማማለች ማወቅ ነበረብኝ።

ያን ጊዜ ነው አልጋው አጠገብ ማን እንደጎደለ ያስተዋልኩት። እናቴን ራስ ምታት እንኳ ቢይዛት ከማንም ቀድመው የሚደርሱ አንዲት የልብ ወዳጅ ነበሯት፤ ልጃቸው በከተማው ውስጥ ትልቅ ሱቅ አለው። እሳቸው የሉም። ግቢውን አቋርጬ ስወጣ ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ምነው አልገቡም?»

«ሰው በዝቷል ብዬ ነው።» ቀና ብለው አላዩኝም። «ነቃች?»

«ነቅታ ነበር። አሁን እንደገና እየደከመች ነው። ምያለሁ ትላለች። መሐላው ከእርስዎ ጋር ነው?»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ ኢንታላ» አሉኝ፤ ልጅነቴን ያውቁታልና ሲጨንቃቸው በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ» ማለት ይቀናቸዋል። «ልጄ ቢሰማስ? እሱ ለአገር ሁሉ ዱቤ እየሰጠ እናቱ ክኒን ትበደራለች ቢባል በየት በኩል ይወጣል?»

«እትዬ፣ እናቴ እየሞተች ነው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። ተነሡ፤ ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ጋር ተጠግተንም ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ።

እሳቸው፣ እናቴና አንዲት ሌላ ጎረቤታቸው የክትትል ቀጠሯቸው አንድ ቀን ነው። ሦስቱም ግፊት አለባቸው፤ እሳቸው ስኳርም ይጨመርባቸዋል። ከመስኮቱ «የለም» ተብለው በተመለሱ ቁጥር በየፊናቸው ጥቂት ጥቂት ክኒን እያስቆረጡ መግዛቱ አከሰራቸው። ስለዚህ ዕቁብ ጣሉ። የወሩ ባለ ዕጣ የሦስቱንም ገንዘብ ሰብስባ መቱ ሰው ትልክና በርከት አድርጋ ታስገዛለች። ሌሎቹ ጨው እንደሚበደሩ ከእሷ ይበደራሉ፤ ተራቸው ሲደርስ በክኒን ይከፍላሉ። ጎረቤቲቱ ጧሪ ስለሌላት የእሷን ድርሻ ሁለቱ ይሞሉላታል። እኔ ለአንድ ሰው ብዬ የምልከው ገንዘብ ለሁለት ሰው ይሆን ኖሯል። የባለ ሱቁ ልጃቸው ሚስት ማንበብ ስለምትችል ክኒኖቹ እንደመጡ ከማሸጊያቸው ይወጡና ወረቀቱ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ለማንም ላይናገሩም በታቦት ተማምለዋል።

«የስኳሬ መልኩ ለቀቅ ያለ አረንጓዴ ነበር፣ የግፊቱ ነጭ። በዚያ ነው የምንለያቸው። አሁን ከሌላ ፋብሪካ ነው መሰል ሁለቱም ነጭ ሆነው መጡ። የስኳሬን ለብቻ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ጎረቤታችን ገና አልወሰደችም፤ ትናንት ለእናትሽ ስሰጣት ከየትኛው ጥቅል እንዳነሣሁ… ዱጋ ልንገርሽ፣ እውነቱን ነው፣ አላውቀውም።»

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለት ትንንሽ የጨርቅ ጥቅሎች አሳዩኝ። ልክ ያን ጊዜ ተከራይዋ ከውስጥ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ እማማ መልስ አይሰጡም!»

ስንገባ ጤና መኮንኑ መርፌ በክንዷ እየሰጣት ነበር። የእናቴ ዓይን ግማሹ ተከፍቷል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። ጥቅሎቹን ዘረጋሁለት። አንዷን ክኒን በብርሃን በኩል አገላብጦ የተቀረጸባትን አነበበ።

«ይሄኛው የግፊት ነው።» ሁለተኛዋን አነሣ። «ይሄ የስኳር ነው። ከዚህ ነው የሰጧቸው?»

«ከአንዱ ነው» አሉ ወዳጇ። 

«እርስዎስ ዛሬ የትኛውን ዋጡ?»

«ሰሞኑን ሁለቱንም ከዚህኛው ሳልወስድ አልቀርም» ብለው ወደ ግፊቱ ጥቅል ጠቆሙ፤ ጣታቸውን ወግቶ ለካቸው። የእሳቸው ስኳር ከልክ በላይ ወጥቷል። ባለ ስኳሯ ለቀናት የግፊት ክኒን ደራርበው ሲውጡ፣ የስኳሩን ክኒን ስኳር የሌለባት እናቴ ወስዳው ነበር።

እናቴ ቀስ በቀስ ነቃች። መጀመሪያ ያየችው ወዳጇን ነው።

«ነገርኳቸው» አሏት። «ፈታሁሽ፤ መሐላውን ፈታሁሽ።»

እናቴ አየት አድርጋቸው፣ «ታዲያ እስካሁን የት ነበርሽ? እኔ ላንቺ ብዬ አፌን ለጉሜ ልሞት ነው፣ አንቺ አጥር ተደግፈሽ ፀሐይ ትሞቂያለሽ!» አለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ሆስፒታል አልተከራከረችም። በአምቡላንስ ስንሄድ ጎሬን እንዳለፍን እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ፤ በሞተችው እኅቷ ስም ጠራችኝ። አብራን የነበረችው ነርስ መኪናው እየተንገጫገጨ ጣቷን ወጋች፣ ለካች፣ ሾፌሩ እንዲያቆም በጡጫ ግድግዳውን መታች። ዳር ይዘን ቆመን ግሉኮሱን ሰጠቻት። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ አምቡላንሱ ይናወጥ ነበር። እናቴ በራሴ ስም እስክትጠራኝ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀስንም።

ሆስፒታል ውስጥ ስኳሯ በማግሥቱም ሁለት ጊዜ ወረደ፤ ከዚያ ጸና። ሐኪሙ እንድትሄድ ሲፈቅድላት ከእንግዲህ ክኒኗን እኔው ራሴ ገዝቼ፣ ከነማሸጊያው፣ በእጇ እንደማደርስላት ነገርኳት። ዕቁቡም እንዲቀር ጠየቅኋት።

«ክኒኑን አምጪ» አለችኝ። «ዕቁቡ ግን አይቀርም። የሦስተኛዋን ማን ይግዛላት? አንቺ?»

ደመወዜን በሐሳቤ አዞርኩት። የእናቴን እችላለሁ፤ የሁለት ሰው ግን አልችልም።  እሷም ከፊቴ ላይ አነበበችው።

«ማሸጊያውን አናቃጥልም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ» አለች።

ቡሬ ስንገባ ተከራይዋ መኪናው ድረስ መጥታ ተቀበለችን። ወሬውንም እዚያው ነገረችን፤ የእናቴ ወዳጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የስኳር ክኒን በአፋቸው አልዞረም። «ሰው ልገድልበት የነበረውን እንዴት እውጠዋለሁ» ይላሉ። እናቴ ወደ ቤቷ መንገድ አልዞረችም፤ ወደ ሱቁ አመራች።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ወዳጇ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቆ፣ የውኃ ጆግ አጠገባቸው። ልጃቸው ሁሉንም ሰምቷል። አንዲት ቃል ሳይናገር መድኃኒቱን ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላቸዋል። ማሸጊያው አልተነካም።

«ዋጪ» አለቻቸው እናቴ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«እንዳንቺ ብወድቅስ?»

«እኔ ስኳር ሳይኖርብኝ ነው የጣለኝ። አንቺ እኮ ባለቤቱ ነሽ! በኔ ላይ እንዲህ የበረታ ባንቺ ላይ ካልሠራ ነው የሚገርመኝ።»

«አልችልም።»

«ልጄ የስኳር መለኪያ ገዝታለች፣ ጣትሽን ትወጋሻለች። እኔም አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ። ቀንሽ ደርሶ ስትሞቺ እቀብርሻለሁ፤ እምቢ ብለሽ ስትሞቺ ግን አልቀብርሽም።»

በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ለሁለቱም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ምራታቸው ሽሮ አቀረበች፤ ሐኪሙ በባዶ ሆድ አይዋጥ ብሎ ነበርና ጥቂት ጉርሻ አስገደድናቸው። ከዚያ ክኒኑን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ረጅም ጊዜ አዩት። አማትበው ዋጡት፤ ውኃ ጠጡበት።

ማንም አልተነሣም። ከሱቁ በኩል የሚዛን ድምፅ ይሰማል። እናቴ ከመደቡ ጥግ ሆና ዓይኗን ከወዳጇ ግንባር አላነሣችም፤ ላብ ይወጣ እንደሆነ ትጠብቃለች። እኔም መለኪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቅ ነበር።