ለሁለት የሚቀርብ ምሳ

አምበር ከተማ አጠገብ በግብርና ያሳደገችን እናቴ ምሳ ስታቀርብ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ድርሻ ትጨምር ነበር። «እንግዳ እግዜር የላከው ነው፤ እህል ሳይቀምስ ለምን መጣህ አይባልም» ትለን ነበር። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ማርቆስ ሥራ ይዣለሁ፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻዬን እየኖርሁ እንደ እሷ ለሁለት አቀርባለሁ። ከሰው መግባባት ስለማይሆንልኝ ግን ማንም መጥቶ አያውቅም፤ የተረፈውን ለራት እበላዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልክ ምሳ እንዳቀረብሁ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማላውቃቸው እናት በሩ ላይ ቆመዋል። ደስታዬ ከዓይን አፋርነቴ በለጠና «ይግቡ፣ እንብላ!» አልኋቸው።

«አይ ልጄ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት...»

«መጀመሪያ እህል ይቅመሱ!»

ተቀመጡ። «ሽሮው ጨው በዛበት?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ሦስት ጊዜ «ኧረ ግሩም ነው!» አሉኝ። ከጎኔ ሌላ ሰው ሲያላምጥ መስማት ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያኔ ገባኝ። አጎረስኋቸው። ውጠው መረቁኝና ዓይናቸውን በክፍሉ ዙሪያ አዞሩ።

«ብርሃን አለው፤ ልጄ ትወደዋለች።»

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ! ልጄ እዚህ ለሥራ ተመድባ፣ አከራይሽ በወሩ መጨረሻ ይለቀቃል ብላኝ ላይላት መጣሁ። አልነገረችሽም እንዴ?»

አልነገረችኝም። አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባለ ያደገው እጄ ግን ሁለተኛውን ጠቅልሎ ወደ አፋቸው እየወሰደ ነበር።