የጨረቃይቱ ቃል

ያኔ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት ነው፤ እኔ አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። ይህን ያስታወሰችኝ የልጄ ልጅ ናት። ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ እሷ ከውስጥ ለፈተና የምታጠናውን እንግሊዝኛ ጮክ ብላ ትደጋግማለች። «ዲክሪዝ፣ ሪዲዩስ፣ ድዊንድል፣ ዌን።» ሁሉም መቀነስ ማለት ነው አለችኝ። አይደለም፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቤት አለው አልኳት። ሳቀች። አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሽማግሌ እንግሊዝኛ ሲያርም ማን አይስቅ! እኔ ግን ቃሎቹን ስሰማ አፍንጫዬ ላይ የመጣው የጨፋ ረግረግ ነው፤ እርጥብ ሣር፣ እበት፣ ከዚያ ደግሞ የሞተ ከብት።

በዚያ ዓመት ጨፋ ውስጥ የከብት በሽታ ገባ። በሽታውን እንኳ በክፉ ስም አንጠራውም፤ «ደስታ» ነው የምንለው። ከብቱ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይወድቃል። የእኛም በረት ግማሹ ባዶ ሆነ። የሞቱትን እኔና አባቴ ሰው ሳያየን ወደ ረግረጉ ጎትተን እንጥላለን። ከብቴ ጎደለ አይባልማ! እኛ ዘንድ ዱቄት ሲያልቅ እንኳ «በረከተ» ነው የሚባለው። ጎደለ ያለ ሰው ጉድለትን በስሟ ጠራት ማለት ነው፤ የተጠራ ደግሞ ይመጣል።

እንዲህ እያለን አንድ ፈረንጅ የከብት ሐኪም በመኪና መጣ። አስተርጓሚው ወባ ይዞት ኮምቦልቻ ቀርቷል። ሐኪሙ ስብርብር ያለች አማርኛ አለችው፤ እኔ ከሚሴ ትምህርት ቤት የለቀምኳት እንግሊዝኛ አለችኝ። ሁለታችን ተደጋግፈን ደጅ ለደጅ ዞርን። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ነው፤ ለሁሉ አገር አይበቃም። በሽታው ከገባበት ይወጋል፤ ካልገባ በማግስቱ ወደሚቀጥለው ከተማ፣ ወደ ሰንበቴ ያልፋል። የሚያምነው ደግሞ የባለቤቱን አፍ ነው።

«ከብትህ ቀንሷል ወይ?» እላለሁ።

«ፈያ ነው፣ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ! ሙሉ ነው!» ይላል ሁሉም፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ሐኪሙ የሚያስጠይቀኝ የእንግሊዝኛ ቃል ያልገባኝ መሰለው። ቦርከና ወንዝ ዳር አስቀምጦ ያስተምረኝ ጀመር። ከትከሻዬ ሸክም አቀለለልኝና «ሪዲዩስ» አለ፤ ሰው በገዛ እጁ የሚቀንሰው። ወንዙ የሸሸበትን ጭቃ አሳየኝና «ዲክሪዝ» አለ። አሸዋ ዘግኖ በጣቶቹ መሀል እያንጠባጠበ፣ እጁ ባዶ ሲቀር «ድዊንድል»። ጭቃው ላይ ጨረቃ ሣለ፤ በአውራ ጣቱ ከጎኗ እየሸረፈ «ዌን» አለ። «ያንተ አገር ከብት፣ ድዊንድል» ብሎ ጨረሰ፤ ጠርጥሯል፣ ግን ባለቤቱ በአፉ ካላለ አይወጋም።

የመጨረሻው ደጅ የእኛ ነበር። አባቴም እንደ ሰው ሁሉ «ሙሉ ነው» አለ። ሐኪሙ ሳጥኑን ዘጋ። «ነገ ሰንበቴ» አለ። የቀሩት ላሞችም ሊሄዱ ነው።

«አባ፣ በእንግሊዝኛ ንገረው» አልኩት።

«ሂድ ወዲያ! ምን ልዩነት አለው?»

«ላሞቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም።»

አሰብ አደረገ። «ጂኑስ?»

«የጨፋ ጂን እንግሊዝኛ የት ተምሮ!»

እናቴ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። «ተማሪ ቤት የሰደድነው ለካ ለዚህ ኖሯል!»

አባቴ አልሳቀም። ቃሎቹን አንድ በአንድ አስፈታኝ። ሪዲዩስን «እኔ በእጄ አልቀነስኩ» ብሎ ጣላት። ዲክሪዝ አፉ አልያዘችለትም። የአሸዋይቱን ስነግረው «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ እጁን አራገፈ።

«የጨረቃይቱ ማን ነበረች?»

«ዌን።»

«ጨረቃ ትመለሳለች አይደል?»

«ትመለሳለች እንጂ።»

ሄዶ ሐኪሙ ፊት ቆመ። በትሩን ወደ በረቱ ቀስሮ፣ «ካው፣ ዌን» አለ።

«ኖ፣ ኖ፣ ድዊንድል» አለ ሐኪሙ።

«ዌን!» በትሩ መሬቱን መታው። «ከብቱ የማን ነው?»

ሐኪሙ ባዶዎቹን ካስማዎች አየ፣ አባቴን አየ። «እሺ» አለ። «ዌን። ነገ ጠዋት፣ እዚህ።»

ሳይመሽ ወሬው አገር አዳረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ «ያችን ቃል አውሰኝ» እያለ ደጃችን መጣ። ከሐኪሙ ድንኳን በር «ዌን፣ ዌን» ይሰማል። አንዲት ባልቴት፣ አንዲት ላም ብቻ የቀረቻት፣ «ዌን፣ ኢንሻአላህ» ስትል ሰማኋት።

የልጄ ልጅ ይህን ሰምታ፣ «ዌን» ለከብት አይሆንም፣ መምህሬ ኤክስ ያደርግብኛል አለችኝ። ያድርግ። አባቴ ካረፈ ስንት ክረምት አለፈ፤ አሁንም ስለዚያ ቃል የምከራከረው ለሱ ነው።

ያኔ በማግስቱ ጠዋት፣ ፈጅር እንደሰገድን፣ የቀሩትን ከብቶች ነድቼ ወጣሁ፤ አባቴ ከኋላ ነበር። ጊደሪቱን ቀንዷን ይዤ ራሷን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። መርፌው ሲገባ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሿ ክንዴ ላይ ይሞቃል። አባቴ መጥቶ እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ለቀቅኳት፤ ወደ ሣሩ ሄደች።