ያልተቆረጠው ሽቦ

ከቆሰበር የወጣሁት በጠዋቱ የመጀመሪያ ሚኒባስ ነው። ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሳም። እናቴ የተቀቀለ ድንች በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ፣ አባየ እጄን ይዞ «በርታ» አለኝ። ሥራ ፍለጋ የሄድሁ ነው የመሰላችሁ፣ እናንተ የመንደሬ ሰዎች፤ እስከዛሬም እንደዚያ ነው የምታውቁት። እኔ ግን ሸሽቼ ነው የሄድሁት። ቮልቴጅ የምለካበት ቴስተር ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ እስከ ሞያሌ ድረስ ጎኔን ሲወጋኝ ሄደ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልንገረው። ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ባለው መንደራችን ለከሰል ለምንተክለው የዲከረንስ ዛፍ ችግኝ ከምንጩ ውኃ የሚገፋ የሶላር ፓምፕ በማኅበር አስገባን። ገጣጣሚው እኔ ነበርሁ፤ ኤሌክትሪክ ተምሬ ስለመጣሁ ከእኔ ወዲያ አዋቂ የለም ተብሎ ነበር። ምንጩ ዙሪያውን ዛፍ ነው፣ ፀሐይ የሚባል አይገባበትም። ስለዚህ ፓነሎቹን ጉብታው ላይ ተከልንና ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሽቦ በመሬት ውስጥ ወደ ታች ማውረድ ግድ ሆነ። ቦዩን በደቦ ቆፈርነው። የሚያልፈው በአያ ታፈረ የድንች ማሳ ዳር ነው። አያ ታፈረ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ መጀመሪያ «ድንቼን ልትነቅሉብኝ ነው» ብለው እምቢ አሉ፣ ኋላ ግን ዶማቸውን ይዘው ከሁላችን በላይ ቆፈሩ።

ሽቦውን የመረጥሁት እኔ ነኝ። የቆሰበሩ ባለሱቅ «ይኼ እኮ ለቤት ውስጥ ነው፣ ለሩቅ መንገድ ወፍራሙን ውሰድ» ብሎኛል። «መዳብ እስከሆነ ድረስ ሽቦ ሽቦ ነው» አልሁት። ያኔ አፌን ማን ይዞልኝ። ክንድ ያህል አጥልቀን ቀበርነው፣ አፈሩን መለስንበት፣ በማግስቱ ሰው ሁሉ ምንጩ ዳር ተሰብስቦ እያየኝ ማብሪያውን ተጫንሁ። ፓምፑ ጉርር አለና ዝም አለ።

ሽቦውን ከፓምፑ ነጥዬ ጫፉን ለካሁት፤ ቮልቴጁ ሙሉ ነው። መልሼ ሳገናኘውና ፓምፑ ሊነሳ ሲል ግን ወረደ። የተቆረጠ ሽቦ እንዲህ አያደርግም፤ የተቆረጠ ቢሆን መጀመሪያውኑ ባዶ ነበር የሚያሳየኝ። ይህን እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ።

«ምን ሆነ?» አለኝ አባየ።

«እንጃ» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ወሬው እግር አወጣ። አንዱ ፍልፈል በልቶት ነው አለ። ሌላው አያ ታፈረ ያን ጠዋት ማሳቸውን ሲኮተኩቱ አይቻለሁ፣ ፍልፈሉ ዶማ ይዟል አለና ሰው አሳቀ። ቆፍረን እንየው ሲባል «አሁን ከነካችሁት ሌላም ቦታ ይበጠሳል» ያልሁት እኔ ነኝ። በሳምንቱ አውጫጭ ተጠራ። አጥፊው እስኪወጣ ትንሽ ትልቅ ሳይባል ተሰብስቦ መቀመጥ ነው። አባየ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። አያ ታፈረ ተነሱና «አልቆረጥሁም» አሉ። ይማሉ ተባለ፣ ማሉ፤ የሚያምናቸው ግን አልተገኘም። ሲምሉ የሚያዩት እኔን ነበር። እኔም ቴስተሩን በኪሴ ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ከአውጫጩ በሦስተኛው ቀን ነው የወጣሁት።

መንገዱን አላረዝምባችሁም፣ ብዙዎቻችሁ ከሌላም ሰምታችሁታል። ደቡብ አፍሪካ ገባሁ። ፐርሚት የሚሉትን የስደተኛ ወረቀት የምትሰጠው ሴትዮ «ከአገርህ ማን አሳደደህ?» ስትለኝ ድካም አናገረኝና «አንድ ሽማግሌ» አልኋት።

«መሣሪያ አለው?»

«ዶማ አለው።»

«ፖለቲከኛ ነው?»

«ድንች ነው የሚተክለው።»

ቀና ብላ ሳታየኝ የሆነ ነገር ጻፈች። ወረቀቱ እዚህ ያስቀምጠኛል እንጂ አገሬ ደርሼ ወደዚህ ልመለስ ብል አያስመልሰኝም።

ያለሁበት አገር ደረቅ ነው። የእኛ ሐምሌ እዚህ ተረት ይመስላቸዋል። ፓፕ የሚሉት ምግብ አላቸው፣ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤና በርበሬ ያልጎበኘው ገንፎ። ሰው ሰላም ካለህ ስለ ከብትህም ስለ ዘመድህም ሳይጠይቅ ያልፋል። የምኖረው ከግቢው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። መብራቱ ከአከራዬ ቤት በቀጭን ሽቦ ግቢውን አቋርጦ ይመጣል፣ ማንቆርቆሪያ ብሰካበት አምፖሏ ትደበዝዛለች፣ ውኃው አይፈላም።

«አንቲ፣ ማንቆርቆሪያው አልፈላ አለኝ» አልኋት አከራዬን፤ አንቲ እዚህ አክስት ማለት ነው።

«ከባለቤቱ ተምሮ ይሆናላ፣ እሱስ በጠዋት መቼ ይነሳል።»

«ሽቦው ቀጥኖ ነው እኮ።»

«እሱንም ብነቅለውስ?»

የምሠራው በጎች በሚረቡበት እርሻ ላይ ፓነል መትከል ነው። አለቃችንን ኡም እንለዋለን፣ እንደኛ አያ ማለት ነው። የማንቆርቆሪያውን ነገር አንስቼ ሳስቀው የእኛንም ፓምፕ ነገርሁት፤ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ። ኡም በእንጨት አሸዋው ላይ ጫር ጫር አደረገ።

«ርቀቱ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሜትር።»

«አራት መቶ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳል፤ መመለሻውን ማን ሊቆጥርልህ ነው?»

በዚያ ርቀት ቀጭን ሽቦ ቮልቴጁን መንገድ ላይ ይበላዋል አለኝ። ወይ ሽቦውን ማወፈር ነው፣ ወይ ደግሞ ፓነሎቹን ጎን ለጎን ከማያያዝ አንዱን ከሌላው አስከትሎ መቀጠል፤ ያኔ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ በሽቦው የሚሄደው ከረንት ይቀንሳል፣ ያው ሽቦ ይበቃል። ፓምፑ ከቻለው ነው ታዲያ። የእኛ ፓምፕ ይችል ነበር። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቼው ስልኬ ውስጥ አለ፤ አውጥቼ አየሁት። መሬት ሳይቆፈር፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ለዚህ ነው ሰው ያስማልሁት። እንጨቱን ይዤ እንደ ሞኝ ተቀመጥሁ።

የዚያን ዕለት ለአባየ ደወልሁ። ሁሉንም ነገርሁት፣ ቴስተሩንም፣ አትቆፍሩ ያልሁትንም። ከዚያ በአገውኛ ተቆጣኝ፤ እሱ ሲብስበት ነው አማርኛውን የሚተወው። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ።

«ምን ሆነ ብዬ ጠይቄህ ነበር እኮ። እንጃ አልኸኝ።»

«አዎ።»

«አያ ታፈረ የሉም። ሰላም የሚላቸው ሰው ሲጠፋ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው አዘና ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ያስማልኋቸው እኔ ነኝ።»

ማልቀሱን አላውቅም፣ ብቻ ድምፁ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። ቅዳሜ አዘና ገበያ እሄዳለሁ፣ ስልኩን ይዤላቸው እቀርባለሁ፣ በራስህ አፍ ንገራቸው አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ የማውቀው ጫጫታ ነው።

«አያ ታፈረ፣ እኔ ነኝ። ሽቦው አልተቆረጠም ነበር። ያኔም አውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ፣ ደኅና ነህ? ትበላለህ?» አሉኝ መጀመሪያ። ይኼ ከስድብ ባሰብኝ።

«ደኅና ነኝ።»

«እኔማ እንዳልቆረጥሁት አውቃለሁ፣ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? የማያውቁት እነሱ ናቸው። መቼ ነው መጥተህ የምትነግራቸው?»

ይህን የጻፍሁት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ አባየ እንዲያነብላችሁ ነው። ሥራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አያ ታፈረ አልነኩትም።

መቼ ነው የምትመጣው ሲሉኝ ግን ኔትወርክ ተቋረጠ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተቋረጠም፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁኝ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር።