እግዜር የተከለው ጽድ

የአገሩን ደን የጨረሰው ገበሬው ነው ይባላል። አይደለም። እኔ ሲያልቅ ያየሁትን ደን የጨረሰው ቅጽ ነው።

አጎቴ ከጋሳይ ከተማ በላይ፣ ወደ ጉና በሚያወጣው ተረተር ላይ ይኖራሉ። ከገብስ ማሳቸው ራስጌ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ የሞላበት ቁራሽ ደን ነበራቸው። ከሩቅ ለሚያየው ደብር ያለበት ይመስል ነበር፤ በእኛ አገር እንዲያ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በቀር አይገኝማ። ሞፈር የተሰበረበት ጎረቤት መጥረቢያውን ደጅ አስቀምጦ ይገባና ይጠይቃል። አጎቴ አብረውት ወጥተው የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ በዱላቸው ያሳዩታል። ያላሳዩትን የቆረጠ ሰው በማኅበር ቀን ጠላ ሳይቀዳለት ይውላል። ሌላ ሕግ አልነበረም፤ አላስፈለገምም።

ግማሹን ዛፍ ተክለው ያጸደቁት ራሳቸው አጎቴ ናቸው። ልጅ ሳለሁ በበጋ ከምንጭ ውሃ እያመላለስኩ ያጠጣሁትን ጽድ ከመቶ ዛፍ መሀል ለይቼ አውቀው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦታው ጥብቅ ደን ይሁን ተባለ። እኔም ደብረ ታቦር ተቀምጬ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ስለ ደን ብዙ ያነበበ ሰው እንዲህ ነው፤ ከሩቅ ይደሰታል። ወሰን የሚለዩት ሰዎች በመጡ ቀን ግን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ደረስኩ። የያዙት መሣሪያ የእያንዳንዱን ጥግ ልክ ያውቃል፤ አንድ ሽማግሌ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ ግን አያውቅም። ደንቡን ነገሩን፦ ሰው የተከለው ዛፍ ለባለይዞታው ይቀራል፤ ተፈጥሮ ያበቀለው ወደ ጥብቁ ይገባል።

መጀመሪያ የአጎቴን አንድ ጎረቤት ጠየቁት። ይህ ሰው የአባቱን ወይራ ከሥሩ ፈንቅሎ፣ አክስሎ ሸጦ፣ በቦታው ባሕር ዛፍ የደረደረ ነው።

«ይህን ማን ተከለው?»

«እኔ ነኛ። ማን ሊተክልልኝ ኖሯል?»

ተጻፈለት። ወደ አጎቴ ዞሩ።

«አባባ፣ ይህንንስ?»

አጎቴ ቀና ብለው ዛፎቹን አዩ። «እግዜር ነዋ።»

«እና አንቱ አልተከሉትም?»

«ይህን የሚያህል ግርማ እኔ ተከልኩት ብል እሱ አይታዘበኝም?»

በክርኔ ጎሰም አደረግኳቸው። «ውሃ ያመላለስነውን ይንገሯቸው እንጂ።»

«ዝም በል አንተ። ለአንድ እንስራ ውሃ ትምክህት ውስጥ ልታስገባኝ ነው?»

ጸሐፊው ሳቅ አለና ቅጹ ላይ «የተፈጥሮ ደን» ብሎ ሞላ። አጎቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፤ ያውም ደስ ብሏቸው። ለዛፎቹ የመሰከሩላቸው መስሏቸዋል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፤ ደን ያጠፋው ሰው መሬቱን ይዞ ቀረ፣ ደን ያቆየው ተነጠቀ። በመጣው የእርሻ ወቅት የአጎቴ ሞፈር ተሰበረና ወደ ወይራቸው ሲወጡ ለደኑ የተቀጠረው ጥበቃ መንገድ ላይ አቆማቸው። ያን ዓመት ያረሱት ከዚያው ከባሕር ዛፉ ጌታ በለመኑት ሞፈር ነው።

ጥበቃው በገበያ ቀን እሱም እንደ ሰው ገበያ ይወርዳል። ጽዱም አብሮት በአህያ ይወርዳል። አሁን የሚቆርጡት እኮ ያኔ መጥረቢያቸውን ደጅ አስቀምጠው ይገቡ የነበሩት ናቸው። ጠላ የሚነፍጋቸው የለም፤ የመንግሥት ነዋ። እኔ ያጠጣሁት ጽድ ጉቶ ሆኗል፤ ባለፈው ተቀምጬበት አረፍኩ።

የቀረው ሳያልቅ ብዬ አጎቴን በሚኒባስ ደብረ ታቦር አመጣኋቸው። የመሬት ቢሮው ሹም ክፉ ሰው አልነበረም። «አባቴ፣ እኔ ነኝ የተከልኩት ብለው ቃልዎን ይስጡና እንደገና እናየዋለን» አላቸው። ከዚህ በላይ በር የሚከፍት ሹም አይገኝም።

አጎቴ ዱላቸውን አነሡ። «ያኔ እግዜር ነው ያልኩትን፣ ዛሬ ለመሬት ብዬ እኔ ነኝ ልበል?» አሉና ወጡ።

ባጃጅ ውስጥ ተቆጣኋቸው፤ በዕድሜ የማይመጥነኝን ቃል ሁሉ ተናገርኩ። መልስ የሰጡኝ መናኸሪያው ስንደርስ ነው።

«ማን ጠበቀው ብለው ቢጠይቁኝማ መልሱ ቀላል ነበር።»

ይህን የምታነብ ሰው፣ ምናልባት ነገ ያንን ቅጽ ይዘህ ወደ ሌላ ተራራ የምትወጣው አንተ ትሆናለህ። «ማን ተከለው» የሚለውን ሰርዝና «ማን ጠበቀው» ብለህ ጠይቅ። አለዚያ አትውጣ።